የሙሉ ዓመት የሴልቲክስ ትኬት ዘንድሮ ለምን እንደማንሸጥ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦስተን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሁለት ወራት በስልክም በአካልም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን አንድ ነገር ነው፦ የዘንድሮው የከተማችን የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ የቦስተን ሴልቲክስ፣ የሙሉ ዓመት ትኬትና መጓጓዣ ምዝገባ መቼ ይጀመራል? መልሳችን ብዙዎቻችሁን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን። ዘንድሮ የሙሉ ዓመት ትኬት አንሸጥም፤ የምንሸጠው ወር በወር ብቻ ነው። ቀብድ የከፈላችሁ በሙሉ ገንዘባችሁ ሳይቆረጥ ይመለስላችኋል። ምክንያቱን በአጭር የስልክ መልእክት ልከን ማለፍ አልፈለግንም። ልጆቻችሁን በእኛ ሚኒባስ አሳፍራችሁ በክረምት ሌሊት ስትልኩ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁና ሂሳቡን ከነዝርዝሩ የማወቅ መብት አላችሁ።

ሜይ 12 የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የቡድኑ ኮከብ ጄሰን ቴተም በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 42 ነጥብ ካስቆጠረ በኋላ የቀኝ ተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፤ በማግስቱም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የዚህ ዓይነት ጉዳት ተጫዋችን ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለሙሉ የውድድር ዓመት ከሜዳ ያርቃል። የሚመለስበት ቀን እስካሁን አልተነገረም። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ደብዳቤ አንጽፍም ነበር። ቡድኑን ይበልጥ ያስጨነቀው የሊጉ የደመወዝ ሕግ ነው።

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በዓመት እንዲከፍል የተወሰነለት ድምር፣ ለመጪው የውድድር ዓመት 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጣሪያ ይባል እንጂ ቡድኖች የራሳቸውን ተጫዋቾች ለማቆየት ሲሉ እንዲያልፉት ሕጉ ይፈቅዳል። ከጣሪያው በላይ ግን ሌሎች ወሰኖች አሉ። 187.9 ሚሊዮን ላይ ቡድኑ ለሊጉ የሚከፍለው «የቅንጦት ግብር» ይጀምራል። 207.8 ሚሊዮን ላይ ደግሞ «ሁለተኛው ኤፕረን» የሚባለው ወሰን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በተስማሙበት ውል የገባ ነው። ይህን ወሰን ያለፈ ቡድን በገንዘብ ብቻ አይቀጣም። የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ በአንድ ውድ ተጫዋች መለወጥ ይከለከላል፤ በዝውውር ላይ ጥሬ ገንዘብ መመረቅም አይችልም። ከሰባት ዓመት በኋላ አዳዲስ ተጫዋቾችን ለመምረጥ የሚያገኘው የመጀመሪያ ዙር ዕድል እንኳ በዝውውር እንዳይሰጠው ይታገድበታል። ስህተቱን ማረም የሚፈልግ ቡድን የማረሚያ መሣሪያው ተወሰደበት ማለት ነው።

ሴልቲክስ እዚህ ወጥመድ ውስጥ የገባው በጥፋቱ ነው ብለን አናምንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዳላስን 4 ለ 1 አሸንፎ 18ኛውን ዋንጫ ያነሣው በዚሁ ውድ ቡድን ነው፤ ያን ዋንጫ በምንም ሂሳብ አንለውጠውም። ዋጋው ግን አሁን ደረሰ። ቴተምና ሌላው ኮከብ ጄይለን ብራውን ብቻቸውን በመጪው ዓመት ወደ 107 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸዋል፤ የጣሪያውን ሁለት ሦስተኛ ያለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቡድኑ ሦስት ዓመት በተከታታይ የቅንጦት ግብር ስለከፈለ ከደጋጋሚዎች ጎራ ገብቷል። ለደጋጋሚ ቡድን ከግብሩ መስመር በላይ የምትወጣ እያንዳንዷ ዶላር ቢያንስ ሦስት ዶላር ግብር ታስከትላለች፤ ከፍ ባለ ቁጥርም እየባሰ ይሄዳል። የአምናው ቡድን እንዳለ ቢቀጥል ኖሮ ደመወዙና ግብሩ ተደምረው ከ500 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያልፉ ነበር የተገመተው።

ስለዚህ ቡድኑ ተበተነ። ጁሩ ሆሊዴይ ወደ ፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ወደ አትላንታ፣ ሉክ ኮርኔት ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄዱ። አል ሆርፎርድ ውሉ አልቆ እስከዛሬ አልፈረመም። በሆሊዴይ ምትክ የመጣው አንፈርኒ ሳይመንስ ጎበዝ ነጥብ አስቆጣሪ ነው፤ ውሉ ግን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚህ ለመቆየቱ ማንም ዋስ አይሆንም። የዝውውር ገበያው የሚዘጋው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንሸጥላችሁ ቡድን የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ልንነግራችሁ አንችልም።

ባለቤትነቱም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቡድኑን በ360 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የዊክ ግሩስቤክ የባለሀብቶች ስብስብ በ6.1 ቢሊዮን ዶላር ለቢል ቺዝምና ለአጋሮቹ ሸጧል፤ ሽያጩም በዚህ ወር ተጠናቋል። ይህን ያህል የከፈለ ሰው ለተጫዋች እንዴት ገንዘብ ያጥረዋል የሚለው ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ነገር ግን ሴልቲክስ የሚጫወትበት፣ ጋርደን የምንለው የቦስተን አዳራሽ የራሱ አይደለም፤ ተከራይ ነው። የራሳቸው አዳራሽ ያላቸው ቡድኖች ከአዳራሹ የሚሰበስቡትን ገቢ እርሱ አያገኝም። አዲሱ ባለቤት ለረጅም ጊዜ ምን እንዳሰበ የምናውቀው ከሥራው እንጂ ከቃሉ አይሆንም፤ ሥራው ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ እንምጣ። እንደምታውቁት የሙሉ ዓመት ትኬት የምንሸጠው በዓመቱ መጀመሪያ መቀመጫዎችን በጅምላ ገዝተን ነው። ገንዘቡን የምንከፍለው ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ነው፤ የከፈልነው ደግሞ የእናንተ ቀብድ ነው። ቡድኑ ጠንካራ በሆነበት ዓመት ይህ ይጠቅማችኋል፤ ወደ ማጣሪያው ሲጠጋ ዋጋው ሲንር እናንተ በበልግ ዋጋ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ። ኮከቡ በታመመበትና ቡድኑ በሚሸጋሸግበት ዓመት ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ጃንዋሪ ላይ ሌላው ሰው በርካሽ የገዛውን መቀመጫ እናንተ ኦክቶበር ላይ በውድ ከፍላችሁት ትገኛላችሁ። እኛ አትርፈን እናንተ የምትከስሩበትን ትኬት ከሸጥን ሥራችን ሥራ አይደለም።

በግሌ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከተማ በመጣሁበት እ.ኤ.አ. በ2006–07 የውድድር ዓመት ሴልቲክስ 24 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 58 ተሸንፏል፤ በዚያው ዓመት 18 ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈበት ጊዜ ነበር። ታክሲ እነዳ ነበር። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ሁለት ልጆቹን ይዞ ጋርደን ሲገባ ያየሁት በዚያ ዓመት ነው፤ ዋጋው ስለወረደ። በቀጣዩ ዓመት ኮከቦቹ ኬቨን ጋርኔትና ሬይ አለን መጡ፣ ዋንጫውም መጣ፤ ያ ሰው ግን በሩ ላይ ቀረ። ይህን ድርጅት ስመሠርት በልቤ የነበረው እርሱ ነው። ዘንድሮ ቡድኑ ቢደክም እንኳ አዳራሹ ለቤተሰብ ሊከፈት ይችላል የሚል ተስፋ አለኝ፤ ያ የሚሆነው ግን ዓመቱን ሙሉ በአምና ዋጋ ካላሰርናችሁ ነው።

ስለዚህ አሠራራችን እንዲህ ይሆናል። በየወሩ መጀመሪያ የወሩን ጨዋታዎች፣ መቀመጫው ያለበትን ቦታና እኛ የገዛንበትን ዋጋ እናሳውቃችኋለን። የአገልግሎት ክፍያችን ከአምናው አይጨምርም። አንድ ተጫዋች ስለሚጫወት ብላችሁ አትግዙ፤ ተጫዋች በመቅረቱ ገንዘብ መመለስ አንችልም። ጨዋታው ከተራዘመ ወይም ሚኒባሳችን በበረዶ ምክንያት መውጣት ካልቻለ ግን የመጓጓዣው ክፍያ ይመለሳል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት የሚደረጉ ጨዋታዎች ቅድሚያ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ነው። መነሻችን እንደ አምናው ከኬምብሪጅና ከሞልደን ሲሆን ከጨዋታ በኋላ ሚኒባሱ የሚጠብቃችሁ በኮዝዌይ ስትሪት በኩል ነው።

ቀብዳችሁ እስከ ጳጉሜን 5 ተመልሶ ያልቃል፤ ለእንቁጣጣሽ ወጪ እንዲደርስላችሁ ብለን ነው ቀኑን ያፋጠንነው። ገንዘቡ ከእኛ ዘንድ ቆይቶ ለኦክቶበር ጨዋታዎች እንዲታሰብ የምትፈልጉ ከዚያ ቀን በፊት አሳውቁን። የመጀመሪያው ወር ሽያጭ መስከረም 5 ይከፈታል። መክፈቻው ኦክቶበር 22 ከፊላደልፊያ ጋር እዚሁ ቦስተን ነው፤ ለዚያ ምሽት ሁለቱንም ሚኒባሶች አዘጋጅተናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ