ስልክ ላይ ያልሽውን ጻፊው

እሙዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ለክበባችሁ መጽሔት ስለ ሐዲስ አለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጻፍሽው ዳሰሳ ደርሶኛል። አማርኛሽ ያምራል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ።

ስልክ ስንደዋወል «በዛብህ እስኪመጣ ድረስ ነፍሴ ወጣች» ብለሽኝ ነበር። ረቂቅሽ ላይ ደግሞ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልብ አንጠልጣይ» ይላል። የቱ ነው ያንቺ? እኔ የስልኩን ነው ያመንኩት።

በመጽሐፍ ምረቃ ላይ የሚሰማውን ውዳሴ ለምደሽው ይሆናል። ወይ ደግሞ ፈርተሽ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሲነበብ የኖረ መጽሐፍ ባንቺ ትችት አይወድቅም፣ አይዞሽ። ብቻ «አሰልቺ ነው» ብለሽ እንዳታልፊው። ያዘገየሽ የበዛብህ ወላጆች የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ታሪክ ነው። ደራሲው ለምን እዚያ ቆዩ? እንደኔ እንደኔ ስለቱን ሊያከብዱት ነው። ወላጆቹ በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸውን በአንድ መስመር ነግረውን ቢያልፉ፣ በኋላ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ጭንቀቱ አይገባንም ነበር። አንቺ ደግሞ «ግማሹ ይበቃ ነበር» ካልሽ ተከራከሪ። የቱ ቢቀር ምንም እንደማይጎድል ግን አሳይ።

አብዛኛው ጽሑፍሽ ታሪኩን መልሶ መተረክ ነው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ሲታጨቅ የሚተርፈው «የድሃ ልጅ የባላባት ልጅ ወደደ» ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ደግሞ ሞልቷል። ላላነበበው ሰው ማን ማን እንደሆነ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። መጨረሻውን እንዳትናገሪ ይሉሻል፤ ይሄ መጽሐፍ ግን ገና ሽፋኑ ላይ ነግሮን ቁጭ ብሏል! ታዲያ መጨረሻውን እየጠረጠርን ለምን እናነባለን? እሱን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

«ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን በሚገባ ስለዋቸዋል» ያልሽውን አውጪው። መጽሐፉን ያልገለጠ ሰውም ይጽፈዋል። በምትኩ ፊታውራሪ መሸሻን ያዢ። ለዘራቸው የሚመጥን አጥተው ልጃቸውን የጠየቀውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ይገፋል። ትምክህታቸው ያስቃል። ልጅቷ ላይ የሚያደርሰው ግን አያስቅም። አንባቢ እየሳቀ የሚናደድበትን አንድ ቦታ ፈልጊና ጥቀሽ፤ ገጹንም ጻፊ።

የደራሲውን ሕይወት የዘረዘርሽበት አንቀጽ ረዝሟል። ሐዲስ አለማየሁ በንጉሡ ዘመን አምባሳደርና ሚኒስትር እንደነበሩ ብቻ ጻፊ። በገጸ ባሕርያቸው በጉዱ ካሳ አንደበት ያንን ሥርዓት የሚያስተቹት ከውጭ ሆነው አይደለም። አብዮቱ ራሱ የመጣው መጽሐፉ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ይሄ ለንባቡ ይጠቅማል፤ የትውልድ ቀናቸው ግን ምንም አይጨምርም።

ደግሞ አንድ ነገር። የኔ ዘመን ሰው መጽሐፉን ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ነው የሚያውቀው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተናል፤ እኔ እስካሁን ሳነብ ድምፁ ይመጣብኛል። አንቺም ትረካውን እንደሰማሽው አውቃለሁ። እንባሽን ያመጣው ገጹ ነው ወይስ ተራኪው? ለይተሽ ጻፊው። ትያትር ስታዪም እንደዚሁ ነው፤ ተዋናዩ ያዳነውን ደካማ ድርሰት «ግሩም ድርሰት» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ያረምሽውን እስከ እሁድ ላኪልኝ። እናትሽም ታነበዋለች፤ በሰብለ ወንጌል ጉዳይ ከኔ ጋር አልተስማማንም፣ ያንቺን እየጠበቀች ነው።

አባትሽ