ከመጨረሻ ሁለተኛ ለወጣችው ልጄ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ብሷል፣ የጦሳ ተራራም ጉሙን እስከ ረፋድ አልለቅ ብሏል። ሌላው ወሬ ይቆየንና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የተኩስ ውድድርሽን ቪዲዮ አየሁት። ወንድምሽ ስልኩ ላይ ከፍቶ ቀስ እያደረገ አሳየኝ፣ ውጤቱንም አነበበልኝ። «ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ፣ የለፋሁበት ስሜ አፈር በላ፣ ደግሜ አልሄድም» ያልሽውን ግን አልተቀበልኩትም። ትሄጃለሽ።

አንቺ የለመድሽው የአየር ሽጉጥ ነው። 10 ሜትር፣ አንድ እጅ፣ 60 ተኩስ በ75 ደቂቃ። የምታልሚው የአስር ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ በይው። ባለፈው ቅዳሜ የሄድሽበት «ፕራክቲካል» የሚሉት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ታይመሩ ጢጥ ሲል ሽጉጥ ከአፎቱ ይወጣል፣ ትሮጫለሽ፣ በግርግዳ ጎን አሾልከሽ ትተኩሻለሽ፣ የጥይት ካዝና ትቀይሪያለሽ። የካርቶን ዒላማው መሀል፣ «ኤ» የሚሉት፣ 15 በ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያንቺ ዓይን ይሄን ሲያይ መሳቅ ነበረበት። ታዲያ ምን ሆነሽ ተሸነፍሽ?

ከውድድሩ ሜዳዎች ሦስተኛውን ብቻ እንይ። ስምንት ካርቶን፣ በያንዳንዱ ሁለት ጥይት፣ 16። አንቺ 15ቱን ኤ ላይ አሳረፍሽ፣ አንዷ ከኤ ዙሪያ ባለው ሲ ላይ ወጣች። በዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ ሽጉጥ ኤ 5 ነው፣ ሲ 3፣ የዳሩ ዲ 1። ስለዚህ ከ80 ነጥብ 78 አገኘሽ፣ ማሻአላህ። ጊዜሽ ግን 39 ሰከንድ። እዚያ ነጥቡ ለሰከንዱ ይካፈላል፤ 78 ለ39፣ 2። ካንቺ ቀጥሎ የገባው ልጅ 10 ኤ፣ 5 ሲ፣ አንድ ዲ፣ በጠቅላላው 66። ወታደር ቤት ተኩስ ሳሰለጥን እንዲህ ያለ ካርቶን ቢያመጡልኝ ባለቤቱን ወደ ኋላ መልሼ ሌላ ዙር አስተኩሰው ነበር። ልጁ ግን በ16.5 ሰከንድ ነው የጨረሰው። 66 ለ16.5፣ 4። እጥፍሽ።

ስለዚህ ልጄ፣ በተኩስ አልተበለጥሽም። የተበለጥሽው በተኩስና በተኩስ መሀል ባለው ጊዜ ነው። ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ጥይት ትለቂና ክንድሽን ዝቅ አድርገሽ ታሳርፊያለሽ፣ ልክ የአየር ሽጉጥሽን ጠረጴዛው ላይ እንደምታሳርፊው። ወደሚቀጥለው ቦታ ትሄጃለሽ፣ ትቆሚያለሽ፣ እግርሽን ታስተካክያለሽ፣ ትተነፍሻለሽ፣ ከዚያ ነው ሽጉጡ የሚነሳው። ልጁን እየው፦ ገና ሳይደርስ ሽጉጡ ዓይኑ ፊት ነው፣ እግሩ መሬት ሲነካ ጥይቱ ወጥቷል። ያ ሁሉ ሰከንድ የቀረው እዚያ ነው። ፍጠኚ ማለቴ አይደለም፣ ቃታውን ተያት፣ እሷ ጥሩ ናት። የምትቆሚውን ነው ቀንሺ የምልሽ።

በነገራችን ላይ ገና ሳትጀምሪ ግራ እጅሽ ኪስሽን ሲፈልግ አየሁት፣ ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ያ ቱርካዊ፣ ዩሱፍ ዲኬች፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የብር ሜዳሊያ ሲወስድ ሰው ሁሉ ጉድ አለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ስልክ ይዞ እኔ ጋ መጣ። የአየር ሽጉጥ ተኳሽ ሁሉ እንደዚያ ወይም ቀበቶው ላይ ነው እጁን የሚያሳርፈው፣ ትከሻ እንዳይወዛወዝ ነው ብል ማን ይመነኝ። አዲሱ ሜዳሽ ላይ ግን ያ እጅ ሥራ አለው። ግማሹን ይዞታ የሚሸከመው እሱ ነው።

ደግሞ ፍጥነት የለኝም አትበዪኝ። የ25 ሜትሩን የሴቶች ሽጉጥ ትተኩሻለሽ አይደል? ፈጣኑ ዙር ላይ ክንድሽ ወደ ታች ሆኖ ትጠብቂያለሽ፣ ምልክቱ ሲበራ 3 ሰከንድ ብቻ ነው ያለሽ፣ በዚያ ውስጥ አንስተሽ አንዷን ትለቂያለሽ። 30 ጊዜ። የኦሎምፒኩ የወንዶች ፈጣን ሽጉጥማ አምስት ዒላማ በ8፣ በ6፣ መጨረሻ ላይ በ4 ሰከንድ ነው። ያ ሁሉ ፍጥነት ነው፣ እግር የለውም እንጂ።

አሁን የምርር ወደምለው ልምጣ። ውጤትሽ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ አራተኛው ሜዳ ላይ ወደ ግራ እየሮጥሽ ካዝና የቀየርሽበት ቦታ ነው። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ካዝና ሲቀይር ሽጉጡን በተፈጥሮው ወደ ግራ ያጋድላል። ወደ ግራ ዞሮ እየሮጠ ከሆነ ደግሞ ያ ግራ የሚባለው ወደ ኋላ፣ ወደ ሰው ነው። አፈሙዝሽ ወደ ኋላ እንዳይዞር የተወሰነውን መስመር አላለፈም፣ ዳኛውም ዝም አለ፤ ግን ትንሽ ነው የቀረው። ቢያልፍ ኖሮ ያኔውኑ ከውድድሩ ትባረሪ ነበር፣ ልክም ናቸው። ስለዚህ ክርንሽን ወደ ጎንሽ ሰብስቢ፣ አፈሙዙ የጥይት መቀበያውን ግድብ ይይ፣ እግርሽ ወደፈለገው ይሂድ። ጣትሽም ስትንቀሳቀሺ ከቃታው ውጪ። ቤት ውስጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ በባዶ ሽጉጥ ቀስ እያልሽ ተለማመጂው። ስትሮጪ ሳይሆን ስትራመጂ።

የነዚያ ሰዎች ደንብ ደስ ብሎኛል፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዳኛው ካላዘዘሽ ሽጉጥሽን አትነኪም። መነካካት ከፈለግሽ ለዚያ የተከለለ ቦታ አለ፣ እዚያ ደግሞ ጥይት የሚባል ነገር በእጅ አይነካም። እዚህ በየሰርጉ ወደ ሰማይ የሚያንጣጣውን ሁሉ አንድ ቀን እዚያ ባስቀመጥኩት። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ሲመሠረት ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት እኩል ይመዘኑ ብለው ነው የተነሱት፣ አንቺ እስካሁን አንዱን ብቻ ነው የተማርሽው። እኔም ያሳደገኝ እሱው አንዱ ነው። አያትሽ ምንሽሩን ሲያነሳ ጥይቷ ውድ ስለነበረች ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚጠብቀው። ቪዲዮሽ ላይ መሬቱን የሞላውን ቀለህ ቢያይ ኖሮ ምን እንደሚል አስቢው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ምክር ከፈለግሽ፣ ወደ ፕራክቲካሉ ከመመለስሽ በፊት የብረት ዒላማውን ሞክሪ፣ ስቲል ቻሌንጅ የሚሉትን። አምስት ብረት ነው፣ አንዷ የመጨረሻ ተብላ የተለየች ናት፣ እሷን ስትመቺ ሰዓቱ ይቆማል። ሩጫ የለም ማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ አምስቴ ትተኩሺና የዘገየችው ዙር ትጣላለች፣ የቀሩት ይደመራሉ። ብረት ሳትመቺ ካለፍሽ 3 ሰከንድ ይጨመርብሻል። ደግነቱ በ.22፣ በትንሿ ጥይት፣ መግባት ይቻላል፣ በ.22 የሚገባ ደግሞ ሽጉጡን ከአፎት አያወጣም፣ ዝቅ አድርጎ ይዞ ነው የሚጀምረው፣ ያ ላንቺ የቤትሽ ያህል ነው። ያንቺን ባለ እንጨት እጀታ ሽጉጥ ግን ይዘሽ አትሂጂ። ለአንድ መዳፍ የተቀረጸ ነው፣ ሁለተኛ እጅ አይቀበልም። ተራ .22 ተዋሺ። ቀበቶና አፎት ያዋሰሽ ያ የማታውቂው ሰውዬ .22 አያጣም። እንዴት ያለ ሰው ነው በአላህ፣ ወሎዬ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድምሽ «ስሟን አበላሸች» ሲል ሻምበል አበበ ቢቂላን አነሳሁበት። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈ ሰው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በዓመቱ እንግሊዝ ሄዶ በዊልቸር በቀስት ተወዳድሯል። ስንተኛ ወጣ ብሎ የጠየቀ አለ? ወንድምሽ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «እሱ ግን አበበ ነው» አለኝ። ይሄ ልጅ ክርክር አያልቅበትም።

እናትሽን በተመለከተ፣ አብሽሪ፣ አልተቆጣችም። ግን ታውቂያታለሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ተኩስ ስትሰማ ትደነግጣለች፣ ቪዲዮውንም ድምፁን አጥፍቶ ነው ወንድምሽ ያሳያት። «የአየሩ ምን አላት፣ ድምፅ የላት» ትላለች ቡናዋን እየቆላች። የአየሩን አልተወችም አልኳት። አለመተውሽን አንቺው ደውለሽ ንገሪልኝ፣ ከኔ ሲሰማ አይጥማትም። ጆሮሽንም ሸፍኚ ብላለች፣ መነጽሩንም።

ደግሞ ያን ፈጣን ልጅ አንድ ቀን ወደ 10 ሜትሩ አዳራሽ ጋብዢው። 75 ደቂቃ ቆሞ ይሞክራት። ሰዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ካርዱን ላኪልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ።

ቀጣዩን ስትተኩሺ ግን ቪዲዮ ቀራጩ ከኋላሽ ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ይቁም። ቀጥታ ከኋላ ሲሆን ጀርባሽ ነው የሚታየኝ፣ ጣትሽ የት እንዳለ አላውቅም።

አባትሽ፣ ከደሴ