የአእዋፍ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ግራ ክንፍ፣ ቀኝ ክንፍና የፍልሰት ወቅት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ የትንንሽ ወፎች ግራና ቀኝ ክንፍ አለመመጣጠን ከፍልሰት ጊዜያቸው ጋር ምን ያገናኘዋል? ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች በመስከረምና በጥቅምት በብዛት ገብተው በመጋቢትና በሚያዝያ ስለሚመለሱ፣ የትምህርት ዘመኑ ሁለቱንም ጉዞ ያካትታል።

ተማሪዎቹን በጣም የሳበቻቸው ዊሎ ዋርብለር ናት። 9 ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ወፍ ካደገች በኋላ ላባዋን በሙሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች፤ አንዴ ከተራባች በኋላ በሰሜን፣ አንዴ በአፍሪካ። እኛ ዘንድ በመስከረም ስትደርስ የለበሰችው ላባ የሰሜኑን ኑሮዋን፣ በመጋቢት ስትሄድ የለበሰችው የአፍሪካውን ያሳያል። የእግሯ አጥንት ግን ከጫጩትነት በኋላ ስለማያድግ የላባንና የእግር አጥንትን ልኬት መቀላቀል አይገባም።

ወፍ በመረብ መያዝ ፈቃድና ሥልጠና ስለሚጠይቅ ልምምዱ በበዓል ዶሮ ክንፍ ተደረገ። ዶሮው ፈላ ውሃ ከመንካቱ በፊት ትልልቆቹ የክንፍ ጫፍ ላባዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ከ1 እስከ 10 እየተቆጠሩ ይነቀላሉ፤ ቁጥሩና «ግ» ወይም «ቀ» ወዲያው ዘንጉ ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ ከተዛነፈ የግራው 6ኛ ከቀኙ 7ኛ ጋር ይነጻጸርና የሌለ ልዩነት ይፈጠራል። ጫፉ ያለቀ ወይም ሥሩ ገና በሽፋን የተጠቀለለ ላባ አይለካም። ላባው ማስመሪያው ላይ በጣት ተቃንቶ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እየተባለ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካል። መዝጋቢው ሌላ ተማሪ ነው፤ የሚለካው የቀደመውን ቁጥር ማየት የለበትም። የአንዱ ላባ ሁለት ልኬቶች በ0.5 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ፣ በግራና በቀኝ መካከል የተገኘ 0.5 ሚሊ ሜትር ምንም አያስረዳም። ከቀኙ ግራው ሲቀነስ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ይጠበቃል፤ የብዙ ዶሮዎች አማካይ ከዜሮ ርቆ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ መጀመሪያ የሚፈተሸው የለካው እጅ ነው።

የፈላሽ ወፎቹ ቆጠራ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ ይካሄዳል። ሜዳው ሣር ላይ ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠው ሆደ ቢጫ የሎው ዋግቴይል ለጀማሪ ትመቻለች። ምንም ያልታየበት ሳምንትም «0» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያለዚያ አለመታየቷን ካለመቆጠሯ መለየት አይቻልም።

ክንፏ ያልተመጣጠነ ወፍ ዘግይታ ብትደርስ ያዘገያት ክንፏ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። ዘግይታ የተራባች ወፍ ላባዋን በጥድፊያ ታሳድጋለች፤ ስለዚህ መዘግየቱም አለመመጣጠኑም ከአንድ ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ። በመጋቢትና በሚያዝያው የመልስ ጉዞ ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው መራቢያቸው ስለሚደርሱም ጾታ ሳይለዩ ቀን ማወዳደር ያሳስታል። ለመጪው ዓመት የቆጠራ ቅጹ ላይ የነፋስና የዝናብ ዓምድ ተጨምሯል።