ጫማ ሠሪው ከንቲባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የጥንቶቹ የአሜሪካ ባለፋብሪካዎች ሲነሱ ወሬው ሁሌ ሮክፌለርና ካርኔጊ ነው። እስቲ የዲትሮይቱን ሄዘን ፒንግሪንም አንሱልን። ጫማ እያመረተ የከበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ከንቲባ ሲሆን ሀብታሞቹ «የኛው ነው» ብለው ነበር። እሱ ግን የትራም ባለቤቶችን በታሪፍ ጉዳይ መቀመጫ ነሳቸው!

በ1893 ኢኮኖሚው ሲናጋ ሥራ አጥ በዛ። ፒንግሪ፣ ባዶ መሬት ያላችሁ ለድሆች አውሱ፣ ድንች ይትከሉበት አለ። ብዙዎች ተሳለቁበት። ለዘርና ለመሣሪያ ብር ሲያጥር የገዛ ፈረሱን በጨረታ ሸጠ። ድንቹም ደረሰ፤ ሌሎች ከተሞችም ቀዱት።

ጻድቅ ነበር ግን አልልም። በ1897 የሚሺጋን አገረ ገዥ ሲሆን የከንቲባነቱንም ወንበር አለቅም ብሎ ፍርድ ቤት ነው ያስለቀቀው።

አንባቢያችሁ