አልጋውን ለብቻህ እንዳታነሳ

ልጄ፣

እህትህ ነግራኛለች። አትቆጣት፤ ድምፅህ ደክሞ ስሰማው ጊዜ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። አልጋህ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ አብሮህ የሚኖረውን ልጅ ስለሚቀሰቅስ ፍራሽህን መሬት ላይ አንጥፈህ ነው የምታድረው አለችኝ። እኔ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር "እንቅልፍህ እንዴት ነው?" ስልህ "ደህና ነው እማ" ነበር መልስህ።

መሬት መተኛት ለወገብህ እንደማይሆን አንተው ታውቃለህ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ያለህን አልደግመውም። ፍራሹም ቢሆን መሬት ላይ ሲውል ሲያድር ከሥሩ አየር አያገኝም። ላብህና እርጥበቱ ይጠራቀምበትና ይሻግታል። ስለዚህ ይሄ አልጋ ይጠገናል። እጁ ያንተ፣ ምክሩ የኔ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አልጋውን ለብቻህ እንዳታነሳ። ፍራሹንም ለብቻህ እንዳትሸከም። ጓደኛህ እስኪመጣ ጠብቅ። አንተ መጠበቅ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የምደጋግመው።

አልጋ ጮኸ ሲባል ሰው ሁሉ ዘይት ፍለጋ ይሮጣል። አልጋ የሚጮኸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ ስለላላ ነው። ብሎን ሲላላ የተጋጠሙት እንጨቶች ወይም ብረቶች መሀል ክፍተት ይፈጠራል። በተገላበጥክ ቁጥር ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይፋተጋሉ። ሲጢጥ የሚልብህ እሱ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ መፍቻ አትያዝ።

ፍራሹን ሁለት ሆናችሁ አውርዱትና ተንከባለልበት። እሱ ራሱ ከጮኸ ችግሩ ውስጡ ያለው ሞላ ነው። እሱን ቤት ውስጥ አትጠግነውም፤ አልጋውንም በከንቱ አትፍታው። ፍራሹ ዝም ካለ ወደ አልጋው ተመለሱ። አንዳችሁ ራስጌውን፣ ከዚያ ግርጌውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ማዕዘን ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁ። ሌላው ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ። ርብራቡንም አንድ በአንድ በእጅህ ተጫነው። መሀል ያለውን እግር እንዳትረሳ። ብዙ ጊዜ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይገኛል፣ ክብደቱ ሁሉ ጎንና ጎኑ ላይ ያርፋል። የጮኸውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግበት።

ማዳመጥ ስል አያትህ ትዝ አሉኝ። አንተ የምታውቃቸው በሽምግልናቸው ነው። እኛ ልጆች ሆነን ሁላችንም የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። የሳቸው አልጋ የብረት አልጋ ነው። ሲነኩት ይጮሃል። ሥራ አምሽተው ሲገቡ መብራት አያበሩም። ጫፉ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ቀስ ብለው ጋደም ይላሉ። በቃ። እስኪነጋ አይገላበጡም። ልጆቹ እንዳይነቁ ብለው።

እኔ ግን ነቅቼ አያቸው ነበር። በጀርባቸው ተኝተው፣ ዓይናቸው ፈጦ። ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ነው የሚነሱት። "አባባ ምን ሆነው ነው?" ስንላቸው "ምንም" ይላሉ።

ያንን አልጋ ፈትቶ ያየው አጎትህ ነው። ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር። ማንም ሳያዘው ገለበጠው፣ ሥሩ ገብቶ ነካካው። ለካ ነገሩ ሁለት ዳዶ ኖሯል። ግርጌው ጋ ያሉ ሁለት የላሉ ዳዶዎች። ሮንዴላ አስገባባቸው፣ አጠበቃቸው፣ አለቀ። ያን ሌሊት አባባ ጎናቸውን ሲቀይሩ የሰማሁት የብርድ ልብሱን ድምፅ ብቻ ነው። እሳቸው አርፈው አሁን ስንት ዘመኑ፤ ያ ሁሉ እንቅልፍ በሁለት ዳዶ መቅረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እና አንተ "ደህና ነው እማ" ስትለኝ የሳቸው "ምንም" ነው የሚሰማኝ። ከሳቸው ብዙ ነገር ብትወርስ ደስ ይለኛል፣ ይሄንን ግን አትውረስብኝ።

በል ወደ ሥራው። መጀመሪያ ብሎኖቹን እይ። ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ከሆነ የሚፈታው በአለን ኪ ነው። ለአልጋ ብሎን የሚሆነው አለን ኪ ብዙ ጊዜ 4፣ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ካልሆነ አትታገለው፤ ቀዳዳው ይበላና ማውጣቱ መከራ ይሆንብሃል። አንዱን ጥርቅም አድርገህ ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። ሁሉንም ግማሽ ግማሽ አጥብቅ፣ አልጋው ቀጥ ብሎ መቆሙን እይ፣ ከዚያ እየዞርክ ጨርስ። ገጥሞ እምቢ ሲልህ አቁም። በተለይ አልጋህ ቺፑድ ከሆነ ጉልበት አታሳየው። ይፈረፈርብሃል። ብሎኑና እንጨቱ መሀል ሮንዴላ ከሌለ አስገባ፤ ጫናውን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል።

የእንጨት ብሎን ቀዳዳው ሰፍቶበት ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ መላ አለው። የክብሪት እንጨት ራሱን ቆርጠህ ጣል። እንጨቱን የእንጨት ኮላ ቀባውና ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቀው። ትርፉን በምላጭ ቁረጥ። ከዚያ 24 ሰዓት አትንካው። ሲደርቅ ብሎኑን በካቻቢቴ መልሰው፣ እንደ አዲስ ይነክሳል። አውቃለሁ፣ ማታውኑ ልተኛበት ትላለህ። አይሆንም።

እንጨት ከእንጨት የሚፋተግበት ቦታ ላይ ተራ ሻማ እሸው። ሰሙ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ርብራቡ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ደግሞ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ቆራርጠህ ደልድልበት። የምግብ ዘይት ግን በጭራሽ። ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል፣ ሲቆይ ይወፍራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል። ያ ደብሊው ዲ 40 የሚሉት የሚረጭ ነገር ለዛገ ብሎን ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 መጀመሪያ ሲሠራም ብረትን ከውሃና ከዝገት ለመጠበቅ ነበር። ብረት ላይ ተጠቀምበት፣ እንጨቱ ላይ አትርጨው። ስትረጭ ፍራሹ አጠገብህ አይሁን፣ መስኮትም ክፈት።

ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነና አንዱ እግር ካልነካ ሥሩ ስስ ቁራጭ እንጨት አስገባ። ካርቶንም ይሆናል፣ ግን እየተረገጠ ይሳሳል። መሀለኛውንም እግር እንዲሁ።

አሁንም እላለሁ፣ አልጋውን ለብቻህ እንዳታነሳ። "አላነሳውም፣ እጎትተዋለሁ" እንዳትለኝ ደግሞ። መገጣጠሚያውን ከሚያላሉት ነገሮች አንዱ መጎተት ነው፤ እግሩ ወለሉን ይይዛል፣ ላዩ ይሄዳል፣ መሀሉ ይጠመዘዛል። ወገብህም አልጋውም የሚተርፉት ሁለት ሆናችሁ ስታነሱት ነው። ጓደኛህን ለመጠየቅ ምን ያሳፍርሃል? የሱም እንቅልፍ አብሮ ነው የሚጠገነው።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ዛሬ የጠበቀው ብሎን አየሩ ሲቀየር ሊላላ ይችላል። ከአንድ ወር በኋላ አለን ኪውን ይዘህ አንድ ጊዜ ዙርበት። አለን ኪውን እዚያው የራስጌው እግር ላይ በፕላስተር ለጥፈው፣ መቼም ዕቃ ስትጥል አይጣል ነው።

ቅዳሜ ጓደኛህ ቤት ሲሆን ጀምሩ። ስትጨርሱ ዳሩ ላይ ተቀመጥ፣ ተነሳ፣ መሀሉ ላይ ተገላበጥ። ከዚያ ደውልልኝ። አሁንም ከጮኸ ስልኩን ርብራቡ አጠገብ ይዘህ አሰማኝ። ብረት ይሁን እንጨት እዚህ ሆኜ እለየዋለሁ።

እናትህ