ሰባቱ ደቂቃና አሥራ ሁለቱ ደቂቃ

የኔ ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ትምህርቱስ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ደብረ ብርሃን ውርጩ ጀምሯል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። አባትሽ እንደ ልማዱ ጋቢውን ተከናንቦ "ዘንድሮስ ብሷል" ይላል። በየዓመቱ ነው የሚብሰው።

ባለፈው ስልክ ላይ "እማዬ፣ ሩጫው አሁንስ ይብቃሽ፤ ዕድሜሽም እኮ ነው" ስትዪኝ ምንም አልመለስኩልሽም። አልተናደድኩብሽም። አዝነሽልኝ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ወሬው በስልክ የሚያልቅ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ ረዘመ ብለሽ ግማሹ ላይ እንዳትተዪው።

መጀመሪያ የሆነውን ከኔ አፍ ስሚው።

የተዘጋጀሁት ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ለመጨረስ ነበር። አንቺ ልጅ ሆነሽ የሮጥኩት 2 ሰዓት ከ31 ተመልሶ እንደማይመጣ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። 38ቱን ግን ከምኞት አላመጣሁትም፤ ልምምድ ላይ ያየሁት ነው። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጭቃና ጉም የአንኮበርን መንገድ ስመላለስበት ከረምኩ። አሰልጣኛችን ሰዓቱን ይይዝና "ደህና ነሽ" ይለኝ ነበር። እሱ ደግሞ "ደህና ነሽ" የሚባለውን ነገር በነፃ የሚያድል ሰው አይደለም።

እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሁሉም በልኩ ሄደ። አንዷን ኪሎ በ3 ደቂቃ ከ45 ገደማ እየቆረጥኩ 30ውን በ1 ሰዓት ከ53 አለፍኩት። ስንጀምር ደመና ነበር። ደመናው ሲገለጥ ግን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ መጣች። 26 ዲግሪ ነበር አሉን በኋላ። ለአንቺ 26 ዲግሪ የተለመደ ነው። በሐምሌ ጓንት አድርጋ ለምትሮጥ ሴት ግን ምጣድ ላይ መውጣት ነው።

32 ላይ ግራ ባቴን ያዝ አደረገኝ። 34 ላይ ውሃ ጣቢያው ጋ ቆምኩ። ቆምኩ ስልሽ፣ እየሄድኩ ወይም እየተንፏቀቅኩ ማለቴ አይደለም፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ በፊት ውድድር ላይ ቆሜ አላውቅም። ውሃ የሚያቀብለው ልጅ ገና ጢም ያላወጣ ነው። በቋንቋው የሆነ ነገር አለኝ፤ አልገባኝም። ዝም ስለው ጊዜ ስፖንጁን አናቴ ላይ ጨመቀልኝ። ውሃው በአንገቴ እየወረደ የሚያልፉኝን ሰዎች መቁጠር ጀመርኩ፤ ወዲያው ተውኩት። የክለባችን ትንሿ ልጅ፣ ባለፈው ፋሲካ ቤት መጥታ ያየሻት፣ ጀርባዬን ቸብ አድርጋኝ አለፈች። ለእሷ የመጀመሪያ ማራቶኗ ነበር።

2 ሰዓት ከ50 ገባሁ። የመጨረሻዎቹ 12 ኪሎ ሜትሮች ብቻ 57 ደቂቃ ፈጁብኝ። ከሽልማትም ውጪ ሆንኩ። ጫማው፣ የቪዛው ደጅ ጥናት፣ ስንቁ ሁሉ እንዲሁ ቀረ። የገንዘቡን ነገር ተዪው፤ ከአባትሽ ጋር ተነጋግረንበታል።

አሁን "ዕድሜሽ ነው" ወዳልሺው ልምጣ።

ዕድሜ የለበትም አልልሽም። 42 ዓመቴ ነው፤ ከማራቶኑ ጋር እኩል ሆነናል። ልብ በጣም ስትመታ የምትደርስበት ጣሪያ ከዓመት ዓመት ይወርዳል፤ ይህን ምንም ልምምድ አያስቆመውም። ጡንቻም ይሳሳል፣ በተለይ የፍጥነቱ። እኔ ግን በጣም የማውቀው ማገገሙን ነው። ድሮ ማክሰኞ ኢንተርቫል፣ ያ ፈጥነሽ ሮጠሽ ትንሽ አርፈሽ የምትደግሚውን ልምምድ፣ ሠርቼ ሐሙስ እደግም ነበር። አሁን የማክሰኞው ኢንተርቫል ዓርብም እግሬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ታዲያ ይህን ሁሉ ቆጥሬ ነው ከ31 ወደ 38 የወረድኩት። ሰባቱን ደቂቃ ዕድሜ ወስዶታል፤ ይውሰደው፣ አልከራከርም። ከ38 እስከ 50 ያለውን አሥራ ሁለት ደቂቃ ግን ዕድሜ አልወሰደውም።

እንዴት አወቅሽ ካልሺኝ፣ ዕድሜ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አድፍጦ አይጠብቅም። እሱ ቢሆን ከመጀመሪያዋ ኪሎ ጀምሮ ነበር የሚይዘኝ። የያዘኝ ሙቀቱ ነው። ሰውነት ሲግል ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ እንዲቀዘቅዝ። ያ ደም ደግሞ ለእግር የታሰበ ነበር። ላቡ ሲበዛ ደሙ ራሱ ይቀንሳል። ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ መምታት ይጀምራል። በዚህ ላይ 30 ኪሎ ላይ ጡንቻ ያጠራቀመው ስኳር ወደ ማለቁ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ የሃያ ዓመት ልጅም ትቆማለች። ያን ቀን ከኔ ቀድመውም ከኔ በኋላም መንገድ ዳር የተቀመጡ ወጣቶች ነበሩ።

የኛ አገር ከፍታ ይረዳል ይባላል፤ እውነት ነው። 2800 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ብዙ ኦክስጅን መሸከም ይለምዳል። ብርዱ ግን ለሙቀት አያዘጋጅም። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው በዋናነት ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው፤ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ ደሙም ውሃ ይጨምራል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ጣርማበርን ወርደሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ፣ ሸዋ ሮቢት ከች ነው። እዚያ ማታም ያልብሻል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከሚቀጥለው ማራቶን በፊት እዚያ የእናቴ ዘመዶች ጋ እሰነብታለሁ። አሰልጣኙም ተስማምቷል።

አንቺ ደግሞ ቀነኒሳን ጠቅሰሽብኛል። 2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ፓሪስ ኦሊምፒክ 39ኛ ሲወጣ "ምናለ ባይሮጥ" አልሽ። አገሩ ሁሉ ብሏል። ግን እዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለንደን ማራቶን በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል፤ ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። በአራት ወር ውስጥ ያው ሰው ነው። ሰው ፓሪስን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። በዚያችው ሚያዝያ ቦስተን ላይ ኬንያዊቷ ኤድና ኪፕላጋት በ44 ዓመቷ ሦስተኛ ወጥታለች፣ በ2:23:21። እሷም የልጆች እናት ናት።

የኛዎቹንም ልንገርሽ። አበበ ቢቂላ እዚሁ ሸዋ፣ ጃቶ ነው የተወለደው። ሮምንና ቶኪዮን ሁሉም ያወራል። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ በጉዳት ማቋረጡን ግን ብዙ ሰው አያነሳም። ያን ቀን ወርቁን የወሰደው ማሞ ወልዴ ነው። ሁለቱ እኩዮች ነበሩ፤ 36 36 ዓመታቸው። ዕድሜ ቢሆን ሁለቱንም ባስቆማቸው ነበር። ማሞ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ወሰደ፣ በ2:15:08። ከሜክሲኮው ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይፈጥናል። (ሜክሲኮ ከተማ ከፍታ ስላላት ሁለቱ ሰዓት እኩል አይነጻጸርም፤ አንቺ እንዳትይዥኝ ብዬ ነው።)

እኔ ማሞ ነኝ ማለቴ አይደለም። ሰባቱንና አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትደምሪብኝ ነው።

ምክንያቱም እነዚህን ስትደምሪ ኀዘኔን ትነጥቂኛለሽ። እኔ ያዘንኩት ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት ሩጫ ስላልሰመረልኝ ነው። ይሄ የሯጭ ኀዘን ነው፤ ከትንሿ ልጅ ጀምሮ ሁላችንም የምናውቀው፣ ሰንብቶ የሚለቅ። "ዕድሜሽ ነው" ስትዪኝ ግን መድኃኒት የሌለው ነገር ይሆንብኛል። ለምን በሙቀት እንደተያዝኩ መጠየቅም ትርጉም ያጣል።

ከመጣሁ በኋላ እንዴት እንደሰነበትኩ ጠይቀሽኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ መጥፎ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ስንተኛ ወጣሽ?" ወፍጮ ቤት ስንተኛ፣ ለቅሶ ቤት ስንተኛ። ስንት ሰዓት ገባሽ የሚል የለም። ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ "አንቺ ድሮ ትሮጪ የነበርሽው አይደለሽ?" አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ከመድረሻዬ በፊት ወረድኩ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ምክር የሌለው ሰው ጠፋ። አንዱ ማር በአብሽ፣ አንዱ ጠበል፣ ሌላው ሱቅ ክፈቺ። የሱቁ ሐሳብ መጥፎ አይደለም፣ ግን በዚያ ሳምንት አልነበረም የምሰማው።

አባትሽ ብቻ ምንም አላለኝም። ማታ ማታ ውሃ ለብ አድርጎ ጨው ጨምሮ በሳፋ ያቀርብልኛል። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ሊወልቅ ደርሷል። እያየ "ይሄስ በራሱ ይወድቃል" ብሎ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል።

እግሬ እያመመኝ ምንም ላለመወሰን ለራሴ ነገርኩት። አቆማለሁም፣ እቀጥላለሁም አላልኩም። ደረጃ ስወርድ ወደ ኋላ ዞሬ የምወርድ ሴት ስለ ሕይወቷ ምን ትወስናለች? ጫማውን ከዓይኔ አራቅሁት። ከዚያ ሰውነቴ ሲመለስ ደብተሬን አውጥቼ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ የገባሁበትን ሰዓት ጻፍኩ። እስከ 30 ያለው ሲታይ ያምራል። እሱን ሳይ ነው ልቤ ትንሽ መለስ ያለው። ከ30ው ኪሎ ሜትር በምንም የማፍርበት የለም።

ትንሿ ልጅ አንድ ቀን ሙዝ ይዛ መጣች። 2 ሰዓት ከ41 ነው የገባችው፣ በመጀመሪያ ማራቶኗ፣ በዚያ ሙቀት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደስታዋን ትደብቃለች። ስለ ብርዱ ታወራለች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራለች። ቅናት አልነበረብኝም ብልሽ እዋሻለሁ፤ ነበረብኝ። ግን ደስታዋን እንዲያ ሰብስባ ስትይዘው ሳይ አላስቻለኝም። "ነይ፣ ከመጀመሪያው ኪሎ ጀምረሽ ንገሪኝ" አልኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ አሁንም 36ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነበረች። እኔ በቆምኩበት ቦታ እሷ ምን ታስብ እንደነበር ስትነግረኝ ሳቅሁ። "እትዬ ከቆመች እኔ ምን ቀረኝ ብዬ ልቆም ነበር" አለች።

በማግስቱ ሰዓት ሳናደርግ በበሬሳ ወንዝ በኩል ቀስ ብለን ሮጥን።

እንግዲህ እንዲህ ነው ያሰብኩት። በከባድ ልምምዶች መሃል ሦስት ቀን አርፋለሁ እንጂ ሁለት አይደለም። እንቁላል በጾም ስለማልበላ ምስርና ሽምብራውን አበዛለሁ። መጀመሪያ ግማሽ ማራቶን እሮጣለሁ፤ ባቴ እሺ ካለ በሚያዝያ ማራቶን እሞክራለሁ። ለ2 ሰዓት ከ39። አንድ ደቂቃ ለዕድሜ ጨምሬለታለሁ፣ እንዳይቀየመኝ።

የማቆምበት ቀን ይመጣል። ያኔ ከባጃጅ ሾፌር አትሰሚውም፤ መጀመሪያ ላንቺ ነው የምደውለው። እስከዚያ ግን ሩጫ ሲበላሽብኝ "ያናድዳል እማዬ፣ 34 ላይ ምን ሆንሽ?" በዪኝ። ይበቃኛል።

ለገና ስትመጪ ሐዋሳ ርካሽ ነው ያልሽውን የመጭመቂያ ካልሲ ሁለት ያዢልኝ፤ አንዱ ለትንሿ ልጅ ነው። ቁጥሯ 37 ነው። ለአባትሽም ቡና አትርሺ፣ የይርጋ ጨፌውን። ፈተናሽ መቼ እንደሚያልቅ ጻፊልኝና መናኸሪያ መጥተን እንቀበልሻለን።

እናትሽ