ከሉን አወለቅሽ ወይ ላልሽኝ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እናትሽ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ዓመት መፍጀቴን ሳስበው አፍራለሁ። እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔ እዚህ ለንደን የመመለሻ ወረቀት አጥቼ ስቀር፣ አንቺ በእኔ ፈንታ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ከቀብሩ እስከ ሰልስቱ ከቤታችን እንዳልተለየሽ ዘመዶቼ ነግረውኛል። በሙት ዓመቱ የላክሽልኝ መልእክት መጨረሻው ላይ «ከሉን አወለቅሽ ወይ?» የሚል ነበር። ዝም ያልኩት ጥያቄሽ ከብዶኝ እንጂ አንቺን ረስቼሽ አይደለም። አላወለቅሁም ነበር፤ አላወለቅሁም ብዬ መጻፉን ደግሞ አልፈለግሁትም። ዛሬ መልስ አለኝ። ረዘም ስለሚል ቡናሽን አቅርበሽ አንብቢው።

ዓመቱ ካለፈ በኋላ ጥቁር የለበስኩት ለሐዘን ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። ጠዋት ስነሣ ምን ልልበስ ብሎ ማሰብ ቀርቶልኝ ነበር። የምሠራው ልብስ ማስተካከያ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የሰው ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሰው ኮት ገበር እጠግናለሁ። ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደጃፍ ብጣሽ ጨርቅ ለቅመን ለአሻንጉሊት ቀሚስ እንሰፋ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያቺ ልጅ ለራሷ አንዲት ነገር ሳትሰፋ ሦስት ዓመት አለፋት።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ አንድ የዕረፍት ቀኔ በሆነ ሰኞ፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ዝናብ ያዘኝና ለመጠለል ብዬ ብሔራዊው የሥዕል ቤት ገባሁ። መግቢያው በነፃ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ስዘዋወር ከአንገቷ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ፊት ለፊቴ ቆማ አገኘኋት። ሥዕሉ 179 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ከሰው ፊት የቆምሽ ያህል ይሰማሻል። የዴንማርኳ ክርስቲና ትባላለች። በልጅነቷ ለሚላኖ መስፍን ተድራ፣ እ.ኤ.አ. በ1535 ባሏ ሞቶባት፣ ሥዕሉ ሲሣል ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሦስተኛ ሚስቱ ሞታበት ሌላ ሲያጭ፣ መልኳን አይቶ እንዲያመጣለት ሠዓሊውን ሃንስ ሆልባይንን ወደ ብራስልስ ላከው፤ እሷም በማርች 1538 ለሦስት ሰዓት ብቻ ተቀመጠችለት። ጋብቻው ሳይሆን ቀረ።

እኔን ያቆመኝ ግን ታሪኩ አልነበረም፤ ታሪኩን ያነበብኩት በኋላ ነው። ያቆመኝ ጥቁሩ ነው። ልጅቱ እንደ እኔ ከል ለብሳለች፤ ጥቁሯ ግን አንድ ዓይነት ጥቁር አይደለም። ሳቲኑ እጥፋቱ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት አመድማ ይሆናል፤ እጥፋቱ ሲጎደጉድ እንደ ጥቀርሻ ይጠቁራል። ከላይ የደረበችው ረጅም ካባ ፊት ለፊት ከፈት ሲል ቡናማ የጠጉር ገበሩ ከላይ እስከ ታች ይታያል። አንገቷና አንጓዋ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሽንሽን አለ። ጓንቶቿን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ጣቷ ላይ አንዲት ቀይ ፈርጥ ያላት ቀለበት አለች። ግድግዳው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። በዚያ ሁሉ ጥቁር መካከል ዓይን ፊቷንና እጆቿን ያገኛል፤ እዚያው ይቀራል።

ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ከዚያ የራሴን ሹራብ አየሁት፤ ክርኑ ሳስቶ፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሄዷል። እናቴ ለለቅሶ ስትወጣ እንኳ የነጠላዋን ጥለት በየትኛው በኩል እንደምታውል፣ ጫፉን የት እንደምትጥል ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። የእሷን ሐዘን እንዲህ ባለ ልብስ መያዜ ሆዴን አባባው፤ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከአራት ዓመት በፊት ማልቀስ የነበረብኝን ያህል አለቀስኩ ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ መሄድ ልማዴ ሆነ። ቀጥሎ የያዘኝ ሥዕል የሙያ ባልደረባችን ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው። ጆቫኒ ባቲስታ ሞሮኒ የሚባል የቤርጋሞ አካባቢ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1570 ባለው ጊዜ ሣለው። ሰውየው ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ከባድ የብረት መቀስ ይዞ፣ በሌላው ጥቁር ጨርቅ ደግፎ፣ ሊቆርጥ ሲል ቀና ብሎ ያይሻል። ጨርቁ ላይ በነጭ የተሰመረው መስመር ሳይቀር ይታያል፤ እኔና አንቺ በጠመኔ የምናሰምረውን ማለት ነው። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው፣ ያውም ሥራው ላይ እያለ፣ በዚያ ዘመን እንደ መሳፍንቱ በክብር መሣሉ ብርቅ ነው። ልክሽን ሊወስድ የሚያስብ እንጂ ትእዛዝ የሚጠብቅ አይመስልም።

የጥቁሩን ጉዳይ በዚሁ ሰውዬ ሰበብ አነበብኩት። በዚያ ጊዜ ጥሩ ጥቁር ጨርቅ የባለጸጋ ልብስ ነበር፤ ጥልቅ ጥቁር እንዲወጣ ጨርቁ በተለያየ ቀለም ደጋግሞ መነከር ነበረበትና ዋጋው አይቀመስም። በርካሹ መንገድ፣ ማለትም በብረትና ከኦክ ዛፍ በሚለቀም እባጭ የተነከረው ደግሞ፣ ውሎ ሲያድር ክሩ እየተበላ ይበጣጠሳል። ልብስ ሰፊው እንግዲህ ያን ውድ ጥቁር ለሌላ ሰው እየቆረጠ ነው። እሱ ራሱ የለበሰው በትንንሽ ስንጥቆች ያጌጠ ነጣ ያለ እጀ ጠባብና ቀይ ሱሪ ነው። የሰው ልብስ ሲሰፋ ውሎ የራሱን አልዘነጋም። ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እዚህ አገር የድሮውን ልብስ ከቆብ እስከ ጫማ ልቅም አድርገው አሰፍተው የሚለብሱ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸውን አደንቃለሁ፣ የእኔ መንገድ ግን እሱ አይደለም። ከአንድ ሥዕል አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ይበቃኛል። ይህንንም ያስተማረኝ ሠዓሊ ነው። ቲሲያን እ.ኤ.አ. በ1510 ገደማ የሣለው አንድ ጎልማሳ አለ፤ ክንዱን መከታ ድንጋይ ላይ አሳርፎ በትከሻው በኩል ዘወር ብሎ ያያል፤ የሥዕሉን ግማሽ የያዘው እጅጌው ነው። ሰማያዊ ሳቲን ነው፤ ውስጡ ተሞልቶ በመስመር በመስመር ስለተሰፋ እንደ ታረሰ መሬት ትልም ትልም አለው፤ ወደ አንቺ ገፋ ብሎ ከሥዕሉ የሚወጣ ይመስላል። ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ1640፣ ሆላንዳዊው ሬምብራንት በ34 ዓመቱ ራሱን ሲሥል ያንኑ አቀማመጥ ወሰደ፤ ክንዱን እንደዚያው አሳረፈ፣ ከእሱ ዘመን መቶ ዓመት ያለፈበትን ልብስ ለበሰ። ፊቱ ግን የራሱ ነው። ሁለቱም ሥዕሎች እዚሁ ቤት ስላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለስኩ አየኋቸው።

እጅጌ ላይ የቀረሁት እንዲህ ነው። አንቺን ያስታወሰኝ ደግሞ ሦስተኛው እጅጌ ነው። አሌሶ ባልዶቪኔቲ እ.ኤ.አ. በ1465 ገደማ የሣላት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት አለች፤ ፊቷን በአንድ ጎን ብቻ ነው የምታሳየው፤ እጅጌዋ ላይ ትልልቅ የዘንባባ ቅጠል ተነጥፎበታል፤ ሌላው ልብሷ ልሙጥ ነው። ጥልፍን አንድ ቦታ ሰብስቦ ሌላውን ባዶ መተው ምን ያህል እንደሚያምር ብታዪው! አንቺ ድሮ ገና ጥልፍ ስትጀምሪ «ደረቱም ጫፉም ጀርባውም ከተጠለፈ ዓይን ምኑን ይይዛል?» ትዪ ነበር፤ ደንበኛ አልሰማሽም እንጂ ልክ ነበርሽ።

በዚያ ዘመን እጅጌ ራሱን የቻለ ልብስ እንደነበረ ያወቅሁት በዚህ መሀል ነው። ከቀሚሱ ጋር አይሰፋም፤ ትከሻው ላይ በማሰሪያ ይያያዛል፤ በማሰሪያዎቹ መካከል የውስጥ ሸሚዙ ነጭ ጨርቅ ብቅ ብቅ ይላል። የሙሽራ ዕቃ ሲቆጠር እጅጌ ለብቻው ይመዘገብ ነበር። አንድ ቀሚስ ያላት ሴት ሁለት ሦስት እጅጌ ካላት ሁለት ሦስት ልብስ አላት ማለት ነው።

አሁን ወደ መልሴ መጣሁ። እናቴ ባረፈች ሳምንት የገዛሁት ጥቁር የሱፍ ቀሚስ አለ፤ ከሌ እሱ ነው። አልጣልኩትም። አንድ እሑድ ትከሻውን ተርትሬ ሁለቱንም እጅጌ አወጣሁና ዙሪያውን ዘመዘምኩት፤ በያንዳንዱ ትከሻ ስምንት ስምንት ቀዳዳ በስቼ በክር ከፈፍኩት። ከዚያ ከሰማያዊ ሳቲን አዲስ እጅጌ ሰፋሁ። የመጀመሪያው አልሆነልኝም፤ ጥጡን ስላበዛሁት ተኮፈሰና ክርኔን አላጥፍ አለኝ። ፈትቼ ጥጡን አሳሳሁት፤ የስፌቱን መስመር አንድ ጣት ያህል አራርቄ በእጄ ሰፋሁት፤ በመኪና የተሰፋው ትልም ጠፍጣፋ ስለሚሆን ብርሃኑን አይይዝም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ማሰሪያውን ከምን እንደሠራሁት ልንገርሽ። ቫን አይክ የሚባለው የፍላንደርስ ሠዓሊ በ1434 የሣላቸው ባልና ሚስት ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ብርቱካን ተቀምጧል፣ ወለሉ ላይ የእንጨት ነጠላ ጫማ ወድቋል፣ አልጋው ላይ መጥረጊያ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ከሰዎቹ ፊት ባላነሰ ጥንቃቄ ተሥሏል። እሱን ካየሁ ወዲህ በየመንገዱ የማገኛትን ትንሽ ነገር ማንሣት ጀመርኩ። የብስኩት ቆርቆሮዬ ውስጥ አሁን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የለቀምኳቸው የቀንድ ቁልፎች፣ አንገቷ ሥር እንደ ዘይት የሚያብረቀርቅ የርግብ ላባ፣ ዝገቱ እንደ ካርታ የተሣለበት የመዝጊያ ማጠፊያ አለ። ሰዎች የማይፈልጉት ነገር ነው፤ እኔ ግን አንድ ቀለም ከሌላው ጎን ምን እንደሚመስል የምማረው ከዚያ ነው። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭም ከዚያው መጣ፤ ድስት ውስጥ ሲፈላ ውሃው የዛገ ብረት ቀለም ሲያወጣ አየሁና አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እናቴ የፈተለችው አንድ ልቃቂት ክር ከሻንጣዬ ሥር ነበር። ወደዚህ ስመጣ እንደ ቀልድ የሰጠችኝ ነው፤ ወፍራም ማግ ነው፤ እዚያም እዚያም የእንዝርቷ ጉጥ አለበት። ግማሹን ቆርጬ ልጣጩ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው የጠጅ ቀለም ይዟል። ሦስት ሦስት አድርጌ ጎነጎንኩትና እጅጌዎቹን ከጥቁሩ ቀሚስ ጋር ያሰርኳቸው በእሱ ነው። ከሥር ከነጠላ ጨርቅ የሰፋሁት ሸሚዝ አለ፤ ትከሻዬ ላይ በማሰሪያዎቹ መካከል ነጩ ይታያል። ያለፈው ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ለብሼው ሄድኩ። አንዲት እናት ትከሻዬን ዳበስ አድርገው «ይሄ ፈትል የማን ነው?» አሉኝ፤ ፈትሉን እንጂ ሳቲኑን አልጠየቁኝም።

ከሉ አለ እንግዲህ፤ እጅጌው ግን ወልቋል። ሌላ እጅጌ መሥራት እፈልጋለሁና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሽሮ ሜዳ ከምታውቂያቸው ሸማኔዎች ለአንዱ ንገሪልኝና ሁለት ክንድ የሚሆን ጥለት ያሠሪልኝ፤ ለበዓል የሚሆነው ደማቅ አይሁን፤ የጤፍ አገዳ ሲደርስ የሚይዘው ቀለም ነው የምፈልገው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጥልፉን አንቺው ጥለፊልኝ፤ አንድ ቦታ ብቻ፣ ከክርኑ በላይ፣ የፈለግሽውን። ያንቺንም የክንድሽን ልክ፣ ከትከሻ እስከ አንጓ፣ ደግሞም የብብትሽን ዙሪያ ለክተሽ ጻፊልኝ። ከልቃቂቱ ግማሹ አልተነካም፤ ያንቺን ማሰሪያ ከእሱ እጎነጉናለሁ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ፣
ከለንደን